የሊጥ ሹሩባ

ከሆሊ በዓል በፊት በነበረው እሑድ ጧት፣ በሰሜን ሕንድ በላክናው ከተማ፣ በአሮጌው ሰፈር በሚገኝ አንድ ቤት ውስጥ፣ አማትና ምራት በአንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ምክንያት ተቀያየሙ። ዕቃዋ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ እንደ መጽሐፍ የምትከፈትና የምትዘጋ፣ ዙሪያዋ ጥርስ ያለው የሊጥ ቅርጽ ማውጫ ናት። በስሱ የተዳመጠ ሊጥ ይነጠፍባታል፤ በመካከሉ አንድ ማንኪያ ጣፋጭ ይደረግበታል፤ ከዚያ ትታጠፋለች። ስትከፈት ጉጂያ የተባለው፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው የበዓል ጣፋጭ ጠርዙ ሳይዛነፍ ተስተካክሎ ይወጣል። ሁለተኛውም እንደ አንደኛው፣ መቶኛውም እንደ ሁለተኛው ነው። ምራቲቱ ዕቃዋን ከገበያ ይዛ የመጣችው ሥራ ለማቅለል ነበር። አማቲቱ ግን አገላብጠው ካዩዋት በኋላ ከመደርደሪያው ላይ ቀስ አድርገው አኖሯትና፣ «ቤቲ፣ በዚህች የተሠራውን ሰው ሲያይ የማን እጅ ነው ይላል?» ብለው ጠየቁ። ቤቲ ማለት በሂንዲ ቋንቋ የኔ ልጅ ማለት ነው።

ምራቲቱ መልስ አልሰጠችም። ጥያቄው ግን ቀኑን ሙሉ ከመካከላቸው አልተነሣም።

ጉጂያን አይቶ ለማያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ለመግለጽ፣ የሳምቡሳ ጣፋጭ እኅት ናት ማለት ይቻላል። ሊጧ ከፉርኖ ዱቄትና ከንጥር ቅቤ ይለወሳል፤ ሆዷን የሚሞላው ግን ሥጋ ወይም ምስር ሳይሆን፣ በእሳት ላይ ተንተክትኮ የጠጠረ ወተት፣ ስኳር፣ ኮኮናት፣ ዘቢብና ሄል ነው። ዝምድናው የምሳሌ ብቻ አይደለም። ሳምቡሳ የሚለው ቃል ከፋርስ ተነሥቶ፣ በዐረብኛ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ማዶና ማዶ ሲሻገር፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ወደ ሕንድ ዘልቆ «ሳሞሳ» ሆኗል። ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ14ኛው መቶ ዘመን በዴሊው ሱልጣን በሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ግብር ላይ ከቀረቡት ምግቦች መካከል፣ ከገውዝና ከቅመም ጋር የተሠራ የተከተፈ ሥጋ በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ በቅቤ የተጠበሰውን ሳምቡሳ ጽፎታል። ጉጂያ ግን የግብር አዳራሽ ሳትሆን የጓዳ ናት። በየክፍለ ሀገሩም ስሟ ይለያያል፤ በማሃራሽትራ ካራንጂ፣ በጉጃራት ጉግራ፣ በቢሃር ፔዳኪያ፣ በአንድራ ካጂካያሉ፣ በጎአ ኔቭሪ ትባላለች። በጎአ የሚኖሩ ክርስቲያኖች ለገና ያዘጋጇታል። በላክናውና በአካባቢው ደግሞ ያለ ጉጂያ ሆሊ፣ በኢትዮጵያ ያለ ዶሮ ወጥ ፋሲካ እንደማለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ በ60ዎቹና በ70ዎቹ፣ በየአውራጃው ከተማ ከሕንድ መምህራን ሒሳብና ሳይንስ የተማረ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ነጭ ጠመኔያቸውን፣ አነጋገራቸውን፣ አንዳንዴም ቁጣቸውን ዛሬም ያስታውሳል። በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ከእነዚያ መምህራን ቤት ጓዳ ምን ይጠበስ እንደነበረ ጠይቆ ያወቀ ግን ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። የሰውን ዕውቀት መቅሰም ከሰውዬው ጋር ከመተዋወቅ ይልቅ ይቀልላልና።

ሆሊ ፋልጉን በተባለው የሂንዱ ወር፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን የሚከበር የጸደይ በዓል ነው። በዋዜማው ማታ እንደ ደመራ ያለ እሳት ይነዳል፤ በማግስቱ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ቀለም ይቀባባል፤ በቀለም ውኃ ይረጫጫል። ሹሙንና ተላላኪውን፣ ባለ ሱቁንና ተሸካሚውን ለይቶ ማወቅ ለግማሽ ቀን ያህል ያስቸግራል። እኩልነቱ ከቀትር በኋላ ከቀለሙ ጋር በሳሙና ታጥቦ መሄዱ እርግጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በዓሉ ዓርብ ማርች 14 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋለ። ይህች ዓርብ ደግሞ የረመዳን ጾም ዓርብ ነበረች። የዚህን ነገር ክብደት ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የእሑዱ ሥራ የጀመረው በወተት ነው። የጉጂያ ነፍሱ «ኮያ» የሚባለው የጠጠረ ወተት ነው። ምራቲቱ በመጀመሪያ ያሰበችው ከገበያ ገዝታ ለመጨረስ ነበር፤ ገዝታም መጥታ ነበር። ይሁን እንጂ በሆሊና በዲዋሊ ሰሞን ኮያ ፈላጊው ከወተቱ ስለሚበልጥ፣ ስታርችና ርካሽ የአትክልት ቅባት የተደባለቀበት ኮያ ገበያውን ይሞላዋል። የምግብ ተቆጣጣሪዎች ይህን ያህል ኩንታል ያዙ፣ አስወገዱ የሚለው ዜና በየዓመቱ በጋዜጣ ይወጣል። ሴትዮዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ከኮያው ጥቂት ቆንጥራ በውኃ አፈላችው፤ ሲቀዘቅዝ ጥቂት የአዮዲን ጠብታ ጨመረችበት። ውኃው ሰማያዊ ሆነ። ስታርች አለበት ማለት ነው። ይህንን ሙከራ በየዓመቱ ለተማሪዎቿ ስታሳይ የኖረች ሰው፣ በራሷ ምድጃ ላይ ስታየው ቆም ብላ ዝም አለች። አማቲቱ ጠብታውን በዐይናቸው ተከታተሉ እንጂ «አላልኩሽም ነበር?» አላሉም። እንዲህ ያለው ዝምታ ከወቀሳ ይብሳል።

በመሆኑም አምስት ሊትር ሙሉ ቅባት ያለው ወተት ተገዛ፤ ወተት በላክናው የሚቸግር ነገር አይደለም። ሕንድ የወተት ሀገር የሆነችው በአንድ ጀምበር አይደለም። በጉጃራት የካይራ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. በ1946 የመሠረቱት፣ በኋላም አሙል በሚለው ስም የታወቀው የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ አንድ ላምና ሁለት የቤት ጎሽ ያላት የገጠር ሴት ጧት ጧት የምታመጣትን ጥቂት ወተት ከሌሎች ጋር አሰባስቦ ለከተማ ማድረስ እንደሚቻል አሳየ። ከ1970 ጀምሮ ይኸው ሥርዓት በሀገር አቀፍ ዘመቻ ተስፋፋ። አምስቱ ሊትር በጎድጓዳ ብረት ድስት ተጥዶ፣ በዝግታ እሳት፣ ሳይቋረጥ እየተማሰለ አንድ ኪሎ ያህል እስኪቀር ድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ወተት እጅ ካረፈለት ድስቱን ይይዛል፤ ካረረ ደግሞ ሽታው በስኳርም በሄልም አይሸፈንም። ማማሰያው በመጀመሪያ የተሰጠው ለቤቱ ጌታ፣ ለልጃቸው ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል አማሰለ፤ ስልክ ተደወለለት፤ ሄደ። በዚያ ቀን ከሥራው የደረሰው ድርሻ ይኸው ነው።

ኮያው ሲበርድ ተፈርፍሮ እንደገና በደረቁ ይታመሳል። ቅባቱን ማውጣት ሲጀምርና መልኩ ወደ ቡናማ ሲያደላ ይወርዳል። እዚህ ላይ ትዕግሥት የሌለው ሰው ይወድቃል። ስኳር የሚጨመረው ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ትኩስ ላይ ከተጨመረ ስኳሩ ይቀልጣል፤ ውስጡ ይረጥባል፤ የረጠበ ጉጂያ ደግሞ ቅቤው ውስጥ ገብቶ ይፈነዳል። ከስኳሩ ጋር በቅቤ የታመሰ ደቃቅ የስንዴ ቅንጬ፣ የኮኮናት ፍርፋሪ፣ የተከተፈ ካሹ፣ ዘቢብ፣ የተወቀጠ ሄል ይገባል። ቺሮንጂም ይገባል። ቺሮንጂ ከምስር ፍሬ ጥቂት የምትተልቅ፣ ጣዕሟ ገውዝን የምትመስል የዱር ዛፍ ፍሬ ስትሆን፣ በማዕከላዊ ሕንድ ደኖች የአዲቫሲ ተወላጆች፣ በተለይም ሴቶች፣ በበጋው ሐሩር ይለቅሟታል። ቅርፊቷ ጠንካራ ነው። አንድ እፍኝ ቺሮንጂ ከማን እጅ ተነሥታ ላክናው እንደደረሰች የሚያስብ በላተኛ ብዙ አይደለም። ሄሉ በኢትዮጵያ ከሚታወቀው ኮረሪማ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው፤ ሽታው ግን ቀለል ያለ ነው። በንጥር ቅቤውም ረገድ ልዩነት አለ፤ የሕንዱ እንደ ኢትዮጵያው ኮሰረትና ኮረሪማ አይገባበትም፤ ወተቱ ራሱ ብቻ ነው የሚሸተው።

ሊጡ የአማቲቱ ሥራ ነበር። ለአራት እጅ ዱቄት አንድ እጅ የቀለጠ ቅቤ ያገባሉ፤ በሚዛን አይደለም። ዱቄቱን ከቅቤው ጋር ካሹት በኋላ አንድ ጭብጥ ይይዙና ጨምቀው ይለቃሉ። ጭብጡ ሳይፈርስ የጣቶቻቸውን አሻራ ይዞ ከቆመ ቅቤው በቅቷል፤ ከፈረሰ ይጨመራል። ውኃው ጥቂት በጥቂት ይገባል፤ ሊጡም ጠንከር እንዳለ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ያርፋል። ሥራው እስከዚህ ድረስ በሰላም ሄደ። ችግሩ የመጣው በጠርዙ ላይ ነው።

የጉጂያ ጠርዝ አሠራር «ጎንትና» ይባላል። ክቡ ሊጥ ታጥፎ ግማሽ ጨረቃ ከሆነና ከንፈሩ በውኃ ተርሶ ከተጣበቀ በኋላ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት የጫፉ ጥግ ቆንጠጥ ተደርጎ ወደ ውስጥ ይተኛል፤ በተኛው ላይ ቀጣዩ ይደገማል፤ እንዲህ እየተደራረበ እስከ ሌላው ጥግ ይደርሳል። ሲያልቅ በደንብ የተጎነጎነ ሹሩባ ይመስላል። ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጣፋጩ ወደ ቅቤው እንዳይወጣ የሚያግደው ይኸው ሹሩባ ነው። ጠቃሚውና ውቡ በአንድ ጣት እንቅስቃሴ አንድ ላይ ሲወለዱ ማየት ስለ ኪነ ጥበብ አመጣጥ ብዙ ገጽ ከማንበብ የተሻለ ያስረዳል። መሶብ የምትሰፋ የኢትዮጵያ ሴት የጎረቤቷን ስፌት ከሩቅ አይታ ይህ የእገሊት ነው እንደምትል ሁሉ፣ በዚያ ሰፈር ያሉ ሴቶችም የጉጂያን ጠርዝ አይተው ባለቤቱን ይለያሉ። የአንዷ ሹሩባ የሰፋ፣ የሌላዋ የደቀቀ፣ የሦስተኛዋ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ፊርማ ማለት ይኸው ነው፤ ስም መጻፍ ባልተማሩበት ዘመንም ሴቶቹ የፈረሙበት።

ቀድሞ ሥራው በወንፈል ነበር የሚሠራው። ዛሬ በአንዷ ቤት፣ ነገ በሌላዋ እየዞሩ፣ ከምሳ በኋላ ምንጣፍ አንጥፈው፣ አንዷ እየዳመጠች፣ አንዷ እየሞላች፣ አንዷ ጠርዝ እየሠራች፣ የሆሊን ዘፈን እየተቀባበሉ፣ ያልተገኘችውን እያሙ፣ ሦስት መቶና አራት መቶ ጉጂያ ያወጡ ነበር። አማቲቱ በሙሽርነት ወደዚህ ቤት ሲገቡ የመጀመሪያ ፈተናቸው ይኸው ጠርዝ እንደነበረ፣ አማታቸውም ያልተዋጣለትን እየፈቱ መልሰው ሊጥ ያደርጉባቸው እንደነበረ በዚያ ቀን ተናገሩ። ነገሩን ሲያወሩት በፈገግታ ነው። ከፈገግታው ሥር የነበረውን የሚጠይቅ አልነበረም።

ምራቲቱ ግን ጠየቀች። «አማ፣ እርስዎስ ያኔ አለቀሱ?»

«ሽንኩርት ነው ብዬ ነበር» አሉ አማቲቱ። «በጉጂያ ሥራ ሽንኩርት ከየት ይመጣል?»

የምራቲቱ ክርክር ከዚህ ይነሣል፤ ክርክሯም ቀላል አይደለም። ወሩ የፈተና ወር ነው፤ ሳምንቱን በሙሉ በፈተና ክፍል ስትቆጣጠር ሰንብታለች። ከጧቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሥታ ቁርስ ታዘጋጃለች፤ ሥራ ትሄዳለች፤ ተመልሳ ራት ትሠራለች። በዓል ሲመጣ ለሌላው ዕረፍት ሲሆን ለእርሷ ተጨማሪ ሥራ ነው። ጉጂያውን የሚበሉት ሁሉ «የእናት እጅ» እያሉ ያመሰግናሉ፤ እጁ ግን ማታ ማታ እንደሚያም የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ባህልን መውደድ በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ቀላል ነው። ስለ ባህል ጥበቃ የሚጽፉና የሚናገሩ ብዙዎች ይህን ጉዳይ ተሻግረው ማለፋቸው የሚያሳፍር ነው።

ይህን ጥያቄ ከምራቲቱ በፊት ያነሣ ትልቅ ጸሐፊ በዚያው ሀገር ነበር። ፕሬምቻንድ እ.ኤ.አ. በ1936 በዚሁ በላክናው ከተማ የተደረገውን የመጀመሪያውን የተራማጅ ጸሐፊዎች ማኅበር ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መርቷል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ባወጣው «ኢድጋህ» በተሰኘው አጭር ልብ ወለዱ፣ ሐሚድ የተባለ ወላጅ አልባ ሕፃን ለዒድ በዓል የተሰጠውን ጥቂት ሳንቲም ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል። ጓደኞቹ መጫወቻና ጣፋጭ ይገዙበታል። እርሱ የብረት ጉጠት ይገዛል፤ አያቱ ቂጣ ስትጋግር ጣቷን እሳት ሲያቃጥላት ያያልና። የሕንድ ልጆች በትምህርት ቤት የሚያነቡት ይህ ታሪክ ከጣፋጩ ይልቅ የሠሪዋን ጣት የሚያይ ሰው እንዴት እንደሚፈጠር ያሳያል። የሕፃኑ ጉጠትና የምራቲቱ ፕላስቲክ አንድ ወገን ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል። ሁለቱም እጅን ያሳርፋሉ።

ልዩነቱ ግን አለ። ጉጠቱ ጣትን ከእሳት ያድናል፤ ቂጣው የአያቲቱ እንደሆነ ይቀራል። ፕላስቲኳ ጊዜን ታድናለች፤ በምትኩ ግን ጠርዙን ትወስዳለች። አማቲቱ ይህን በቃል አላስረዱም። ያደረጉት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ጉጂያ አንሥተው ጠርዙን ሊሠሩ ጀመሩ፤ አውራ ጣታቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሹሩባው ከሦስተኛው እጥፋት ላይ ተፈታ። ደገሙት፤ ተፈታ። ላለፈው አንድ ዓመት ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ማለቱን ለቤተሰቡ አልነገሩም ነበር። ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆውን በሁለት እጅ መያዛቸውን የእርጅና ወግ አድርገው አሳልፈውታል። ምራቲቱ በዚያች ደቂቃ ሁሉንም ተረዳች፤ ዕቃዋን ሲያዩ ለምን እንደተቆጡም ገባት። የራሳቸው እጅ ሲሄድ ተተኪው ፕላስቲክ ሊሆን ነውና።

ከዚያ በኋላ ሥራው በዝምታ ተደላደለ። ምራቲቱ ከአማቷ አጠገብ በርጩማዋን አስጠግታ ተቀመጠች። «ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ታች አይደለም። ቆንጥጪ፤ አሁን አስተኚው። አትጫኚው፤ ሊጥ እንደ ሰው ነው፣ ሲጫኑት ይቀደዳል።» የመጀመሪያዎቹ አሥሩ የዓሣ አጥንት መሰሉ። ከሃያኛው በኋላ ጣቷ መንገዱን አገኘ። ውድድር ባለመሆኑም ስምምነት ተገኘ፤ ለትምህርት ቤት ባልደረቦቿና ለልጆቹ ጓደኞች የሚሆነው ስልሳው በፕላስቲኳ ይሠራ፤ ለጸሎት የሚቀርበው፣ ለቤትና ለጎረቤት የሚሆነው አርባው በእጅ ይሁን ተባለ። የቤቱ ጌታም ተጠርቶ በፕላስቲኳ እንዲሠራ ታዘዘ። በዚህኛው ጊዜ ስልኩ ሌላ ክፍል ተቀምጦ ነበር።

ጥብሱ የዝግታ ሥራ ነው። ቅቤው በጣም ከጋለ የሊጡ ፊት ይቋጥራል፤ ላዩ ቀልቶ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ከበረደ ደግሞ ቅቤውን ይጠጣል። አንድ ድስት ጉጂያ አሥርና አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሲገባ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፤ በዙሪያውም ደቃቅ አረፋ ይነሣል። በሦስተኛው ድስት ላይ አንዱ ፈነዳ። ስኳሩና ኮያው በቅቤው ውስጥ ተበትኖ ጠቆረ፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበሰው ሁሉ ጥቁር ነጠብጣብ እንዳይዝ ቅቤው ወርዶ በስስ ጨርቅ ተጠለለ። የፈነዳው የማን ሥራ እንደሆነ ለማወቅ አልተቻለም፤ ጠርዙ ጠፍቶ ነበርና። ሦስቱም ዝም ብለው ተያዩ፤ በኋላ ሳቁ።

አሁን ወደዚያች ዓርብ እንመለስ። ላክናው የአወድ ነገሥታት ከተማ ነበረች። ሙስሊሙ ንጉሥ ዋጂድ አሊ ሻህ ራሱ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ነበር፤ የሂንዱዎች አምላክ ስለሆነው ስለ ክሪሽናና ስለ ራድሃ የዘፈንና የውዝዋዜ ተውኔት ደርሶ በቤተ መንግሥት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1856 የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከሥልጣን አወረደው፤ ቀሪ ዘመኑንም በካልካታ በስደት አሳለፈ። የሁለቱ ሃይማኖቶች አብሮ መኖር በዚያች ከተማ የመድረክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የግድግዳና የግድግዳ ጉዳይ ነው፤ ቤቶቹ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ይተያያሉ። በ2025ቱ ሆሊ ግን ቀለም የሚረጭበት ዓርብና የጁምዓ ጸሎት አንድ ቀን በመዋላቸው ክፍለ ሀገሩ ተጨንቆ ነበር። በበርካታ ከተሞች የጸሎቱ ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ ተገፋ፤ በአንዳንዶቹም መስጊዶች ቀለም እንዳያርፍባቸው በሸራ ተሸፈኑ። ፖሊስ በየመንገዱ ቆመ። ፖለቲከኞች የሚናገሩትን ተናገሩ።

ከእነዚህ አማት ቤት ፊት ለፊት አንዲት ሙስሊም እናት ይኖራሉ። ሁለቱ ሴቶች በሙሽርነት የመጡት በአንድ ዓመት ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሆሊ የጉጂያ ሰሃን ይሻገራል፤ በዒድ ደግሞ ያው ሰሃን በወተትና በተምር የተሠራ ጣፋጭ የፓስታ ክር፣ ሴዋይ የሚሉትን፣ ተሞልቶ ይመለሳል። ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ ይህን ሕግ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። አማቲቱ ጧት የጠየቁት ጥያቄ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነበር። የተገዛ ካርቶን መላክ ይቻላል፤ በፕላስቲክ የታተመም መላክ ይቻላል። ጎረቤቲቱ ግን ሰሃኑን ሲገልጡ በመጀመሪያ የሚያዩት ጠርዙን ነው። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ወሬ መካከል፣ ጠርዙን አይተው «እጇ ነው» ማለት መቻላቸው አስፈላጊ ነበር።

ዓርብ ጧት መተላለፊያው በቀለም ተሞላ፤ የፊት ለፊቱ በር ተዘግቶ ዋለ። ጎረቤቲቱ ጿሚ በመሆናቸው ሰሃኑ ቀን መሻገር አልነበረበትም። ምራቲቱ ፀጉሯ ሥር የቀረውን አረንጓዴ ቀለም ታጥባ ስትጨርስ አማቷ ሰሃኑን እያዘጋጁ አገኘቻቸው። አሥራ ሁለት ጉጂያ ደርድረዋል። ስታይ ሁሉም የእርሷ ናቸው፤ ከመጨረሻዎቹ፣ ሹሩባቸው ከቀናው። የአማቲቱ ራሳቸው በሁለት ቀን ጥረት የሠሯቸው አምስት ነበሩ፤ እነርሱን በቆርቆሮ ጣሳው ውስጥ ተዋቸው።

«አማ፣ የእርስዎን ነው የሚጠብቁት።»

«እርሷም የእኔን እጅ ዓመቱን ሙሉ እያየችው ነው» አሉ አማቲቱ። «ሰሃኑን በሁለት እጅ ያዢው።»

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ የመግሪብ አዛን ሲሰማ፣ ምራቲቱ ሦስት እርምጃ የማይሞላውን መተላለፊያ ተሻግራ በሩን አንኳኳች። ጎረቤቲቱ ራሳቸው ከፈቱ። ከኋላቸው የአፍጥር ሻይና ሳሞሳ ይሸታል። ሰሃኑን ተቀበሉ፤ የተሸፈነበትን ጨርቅ ገለጡ፤ አንዱን አንሥተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ከጥግ እስከ ጥግ ዳሰሱት።

«ያንቺ ነው?» አሉ።

«የኔ ነው፣ ኻላ።» ኻላ ማለት አክስቴ ማለት ነው።

«ትንሽ ታጠብቂያለሽ» አሉ ጎረቤቲቱ፤ ጉጂያውን ከመሐል ገምሰው አንዱን እኩሌታ መልሰው ሰጧት።

የዒድ ጨረቃ ታይታ፣ ሰኞ መጋቢት 22 ቀን ሰሃኑ ሴዋይ ተሞልቶ ተመለሰ። ያመጣችው የጎረቤቲቱ የልጅ ልጅ ናት፤ ዐሥር ዓመት ይሆናታል። አያቷ እንድትጠይቅ የላኳት መልእክት ነበራት፤ በሚመጣው ዓመት ከሆሊ በፊት በሚውለው እሑድ መጥታ ጠርዙን ማየት ትችል እንደሆነ።